አረንጓዴ እስኪበራ የቆረጥኳቸው ዋሽንቶች

የምነግራችሁ ነገር ከአርብ ከሰዓት ጀምሮ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ያለቀ ነው። ሁለት ቀን እንኳን አይሞላም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከዚያ ቅዳሜ አልወጣሁም። ጂንካ የሚያውቁኝ ሰዎች "ምህረቱ ኪቦርዱን ለምን ተወው?" ይባባላሉ። አንዳንዱ ትዕቢት ነው ይላል፤ አንዳንዱ ከኳየሩ ጋር ተጣልቶ ነው ይላል። ፊት ለፊት የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ግን ከብዶኛል፣ ልናገር።

ያኔ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ ቁጥር፣ ማኅተም። እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ እመታለሁ። "እመታለሁ" ያልኩት አውቄ ነው፤ መጫወት የሚባል አልነበረም። ያስተማረኝ ሰው የለም። ኪቦርዱ በስጦታ መጣ፣ የሚነካው ጠፋ፣ እኔ ቀረብኩ፣ በቃ። አንድ እሁድ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ዘማሪ መዝሙሩን መሀል ላይ አቆመና በማይክሮፎን፣ "ወንድሜ፣ እባክህ እጅህን አንሳልን፤ ያለ ኪቦርድ ብንቀጥል ይሻላል" አለኝ። ሕዝቡ ሳቀ። ሚስቴ አልማዝ እንኳን ስትስቅ አየኋት። ቤት ስንደርስ "አምልጦኝ ነው" አለችኝ። ያ ሳቅ ውስጤ ገብቶ ቀረ፣ የዚህ ሁሉ መነሻም እሱ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ከሚዛወር መምህር ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ጎረቤቴ ደግሞ በፍላሽ የሙዚቃ መለማመጃ ሶፍትዌር ሰጠኝ። ሥራው ቀላል ነው። ስትጫወት በማይክሮፎኑ ይሰማሃል፤ ድምፁ ልክ ከሆነ በስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይበራል፣ ከሳትክ ቀይ። ሲያልቅ ውጤትህን ይሰጥሃል። የሚፈጥንብህን መዝሙር አዝግሞ ያጫውትልሃል፣ መቶ ጊዜ ብትሳሳት መቶ ጊዜ ያስጀምርሃል። ከሁሉ በላይ አይስቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ መብራት ባለ ቁጥር፣ ማለዳ ቢሮ ከመግባቴ በፊት ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ስታገል ኖርኩ።

ደግሞም ተለወጥኩ። ይህን መካድ አልችልም። ጣቶቼ ተፈቱ፣ ጆሮዬ ተከፈተ። ሌሎች አጥቢያዎች ይጠሩኝ ጀመር። እኔም አበዛሁት። ወደ ገዘር የሚሄደው ሚኒባስ ጥሩምባ ሲነፋ "ቀይ ነው" እላለሁ፤ አልማዝ ወጥ እያማሰለች ስታንጎራጉር "እዚች ጋ ትንሽ ወረድሽ" እላታለሁ። እሷ ማንጎራጎር ተወች። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ የተተረተ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ ከገዘር ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነበር፤ በወጣትነቱ ከስምንት ሰዎች ጋር ሆኖ የቀርከሃ ዋሽንት ይነፋ ነበር። ዋሽንት ስል ባለ ቀዳዳውን የእረኛ ዋሽንት እንዳታስቡ። ይሄ ታቹ በአንጓው የተደፈነ፣ ላዩ ክፍት የሆነ ቀርከሃ ነው። አንዱ ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ዋሽንት ይዞ፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን ድምፅ ጣል እያደረገ፣ ዜማው ከሁሉም ተገጣጥሞ ይወጣል። አንድ ሰው ከቀረ ዜማው ያነክሳል። ከዘጠኙ አንዱ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋርሾ ነበር።

አባቴ ጌታን ሲቀበል የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች "ዋሽንቱ ከመጠጥ ቤት ጋር የሄደ ነገር ነው፣ ተወው" አሉት። ተወው። የዋሽንቶቹ ጠባቂ እሱ ነበርና ዘጠኙንም ሰብስቦ ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው። አጎቴ ጋርሾ ደጁ ድረስ መጥቶ "የኔን ስጠኝ" ሲለው "ብቻውን ምን ያደርግልሃል?" ብሎ መለሰው። ሁለቱ ከዚያ ወዲያ በቅጡ አልተነጋገሩም። ጋርሾ ዋሽንቱን ዳግመኛ ሳይነፋ ሞተ። አባቴ ስለዚህ ነገር አያወራም ነበር። የነገረችኝ እናቴ ናት፣ እሷም ከመሞቷ በፊት።

ዘመን ተቀየረና የኛ አጥቢያ ሽማግሌዎች ለምስጋና እሁድ የአገሩ ዋሽንት ይግባ አሉ። አብረን እንጫወት የሚለውን አሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔ በኪቦርድ፣ የድሮዎቹ ነፊዎች በዋሽንት። ለአባቴ ስነግረው ተነስቶ ወጣና ከቤቱ ጀርባ ሲያለቅስ ሰማሁት።

አርብ ከሰዓት ዋሽንቶቹን ለመውሰድ ገዘር ወጣሁ። ቀድሞ ኳየሩ እንዲያያቸው ነበር የፈለግሁት። አባቴ ሳንባው ደክሞ ሦስት እርምጃ ሄዶ ያርፋል። ዘጠኙን በጋቢ ጠቅልሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ከነፊዎቹ የቀሩት እሱን ጨምሮ አራት ናቸው፤ የአምስቱን ሟቾች ዋሽንት የኳየሩ ልጆች ይነፋሉ ተባብለናል። በቋንቋችን በአሪኛ ነው የምናወራው።

"የጋርሾን ማንም አይንካው" አለኝ። "እሱን እኔ ነኝ የምነፋው። የኔን ለአንዱ ልጅ ስጠው።"

"ትንፋሽህ ይበቃል አባባ?"

"ለአንድ ቀን ይበቃል። ሌላ ነገር አልፈልግም። እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት፤ ሳልሞት በጌታ ቤት ውስጥ ድምፁን አንዴ ልስማው።" ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አንዱን አሳየኝ። አፉ ላይ ከንፈር የሳመው ቦታ ቡናማ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ጎድጎድ ብሏል። "ይኸው ከንፈሩ" አለኝ።

እኔ እሺ አልኩ። የሽማግሌ ነገር ብዬ ነው እሺ ያልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት አልማዝ ገበያ ወጣች። ልምምዱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዋሽንቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ፣ ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ የመጀመሪያውን አንስቼ ነፋሁ። ቀይ። ሁለተኛውን ነፋሁ። ቀይ። ዘጠኙንም ነፋሁ፣ ዘጠኙም ቀይ። ደገምኩት፣ ያው። ኪቦርዱን ከፍቼ አንዱን ዋሽንት በድምፅ ከሚቀርበው ቁልፍ ጋር ሳሰማው ጥርስ የሚያፋጭ ነገር ሆነ።

ደነገጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ያ ዘማሪ ነው፤ "እጅህን አንሳልን" ያለው። ነገ ሕዝቡ ሲስቅ ታየኝ። በኔ ቢሆን እችለው ነበር። አባቴ፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ የሚያርፈው ሽማግሌ፣ መድረክ ላይ ቆሞ ሲሳቅበት ነው የታየኝ። ይህ አይሆንም አልኩ። ላድነው ብዬ ነበር እኮ! ይህን ሳስብ ነው ዛሬም እንቅልፍ የሚርቀኝ።

ቀርከሃ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል። ይህን ለማወቅ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ከጎረቤት የብረት መጋዝ ተዋስኩ። ታቹ አንጓ ስለሆነ የሚቆረጠው ላዩ ነው፤ አፉ። ከትንሹ ጀመርኩ። ስስ ቀለበት ቆረጥኩለት፣ ነፋሁት፣ ቀይ። ትንሽ ጨመርኩለት፣ በምላጭ አለሰለስኩት፣ ነፋሁት። አረንጓዴ በራ።

ደስታዬን ብትሰሙ ታፍሩብኛላችሁ። ብቻዬን ጮህኩ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አንዳንዱ በጣት ውፍረት ብቻ ዳነ፣ አንዳንዱ የሁለት ጣት ያህል ወሰደ። ቀለበቶቹ ወለሉ ላይ እየተንከባለሉ ወደቁ።

የጋርሾን የተውኩት ለመጨረሻ ነው። ስነፋው የአባቴ ቃል ትዝ አለኝ፣ አልረሳሁትም። ብረሳው ይሻል ነበር። ይሄኛው ከሁሉም የባሰ ነው፤ በሁለት ቁልፎች መሀል የተቀመጠ፣ የማንም ያልሆነ ድምፅ። ስምንቱ አረንጓዴ ሆነው ይሄ ቀይ ቢቀር ነገ ጎልቶ የሚሰማው የአባቴ ስህተት ነው አልኩ። "ድምፁ ያው የጋርሾ ነው፣ አስተካከልኩት እንጂ አልለወጥኩትም" ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቆረጥኩ። ቡናማው አፍ ከነጉድጓዱ እግሬ ስር ወደቀ። አረንጓዴ በራ። ፕሮግራሙ ከዘጠኝ ዘጠኝ ብሎ ውጤቴን ሰጠኝ። ወለሉን ጠርጌ ቀለበቶቹን ከአመዱ ጋር ጓሮ ደፋኋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰብን። አባቴና ሦስቱ ሽማግሌዎች ከገዘር በሚኒባስ ወርደዋል። ከሦስቱ ትልቁ ጋሽ ዶባ ነው፤ ዓይኑ ካላየ ቆይቷል። ዋሽንቱን እጁ ላይ ሳስቀምጥለት ወዲያው ወደ አፉ ወሰደውና መለስ አደረገው።

"ይሄ የማን ነው?" አለ።

"ያንተው ነው ጋሽ ዶባ።"

"የኔ እዚህ ጋ ጎድጓዳ ነው።" በአውራ ጣቱ አፉን ዞረው። "ይሄ ይቆርጣል። አዲስ ነው።"

"ትንሽ አስተካክዬው ነው። ከኪቦርዱ ጋር እንዲገጥም።"

ዶባ ፊቱን ወደ አባቴ አዞረ። አባቴ የጋርሾን ዋሽንት አንስቶ ነጩን አዲስ ቁራጭ እያየ ቆሟል። ትንፋሹ ሲጮህ ይሰማኛል።

"ኳየሩ ይጠብቃል፤ እንሞክረው" አልኩ።

ነፉ። የኳየሩ ልጆች ተራቸውን በጭብጨባ ሲለማመዱ ስለሰነበቱ ተራቸውን አልሳቱም፤ እኔም ኪቦርዱን አስገባሁ። ልክ ገጠመ። እንደ መዝሙር ቤት ካሴት ጥርት ብሎ ገጠመ። ልጆቹ "ወይኔ ሲያምር!" እያሉ ተያዩ። የጋርሾ ተራ ሲደርስ አባቴ ነፋ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ዋሽንቱን ከአፉ አወረደውና ውስጡን በአንድ ዓይኑ አየ። አንድ ነገር የወደቀበት ይመስል ነበር አስተያየቱ።

"ምህረቱ" አለኝ በቀስታ። "ጋርሾ የታል?"

 አሪኛ የማይሰሙት ልጆች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ።

"አባባ፣ ድምፁ ልክ አልነበረም። በኮምፒውተሩ አይቼው ነው። ሕዝቡ እንዳይስቅብህ ብዬ..."

"ልክ ያልሆነው ከማን ጋር ነው?"

 ዶባ መሬት ላይ ቁጭ አለና፣ "እኛ እኮ ስንቆርጣቸው ዘጠኛችንም ቆመን ነው" አለ። "አንዱ የሌላውን እየሰማ። ጋርሾ ድምፁ ሻካራ ነበር፣ ዋሽንቱንም እንደ ራሱ ነው የቆረጠው። ስንነፋ የምንፈልገው እሱን ነበር።"

"እመልሰዋለሁ" አልኩ። "ስጠኝ አባባ፣ እመልሰዋለሁ።"

ዋሽንቱን ይዤ ከአዳራሹ ወጣሁ፤ የድሮውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ በሩጫ ተሻገርኩ፤ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲያ ሲሮጥ ያየ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቤቴ ጓሮ ተንበርክኬ አመዱን በእጄ በተንኩ። አልማዝ ከገበያ ተመልሳ "ምን ጠፋብህ?" ስትለኝ አመዱን መበተኔን ቀጠልኩ። የጋርሾን ቀለበት አገኘሁት፤ ቡናማው ያብለጨልጭ የነበረው በአመድ ተለብጧል። አጥቤ በማጣበቂያ ገጠምኩት፣ በፕላስተር ጠቀለልኩት፣ ነፋሁት። ፉሽ አለ። መጋዝ የበላው አይመለስም። እንደገና ሞከርኩ። ፉሽ።

ያኔ አንድ ተስፋ መጣልኝ። ሶፍትዌሩ ሰምቷቸዋል! ጠዋት ሁሉንም ሰምቷል። የጋርሾ ድምፅ በፊት ምን ያህል እንደነበር ከያዘ ሌላ ቀርከሃ ፈልጌ በሱ ልክ እቆርጣለሁ። ላፕቶፑን ከፈትኩት። የጠዋቱ ልምምድ አለ፣ ሰዓቱም አለ። በመጀመሪያው ሙከራ ከዘጠኝ ዜሮ ይላል። ዘጠኝ ቀይ ነጥብ ተደርድሯል። ድምፁን አልያዘም፣ ምን ያህል ዝቅ ምን ያህል ከፍ እንደነበረም አልያዘም። የያዘው ስህተት መሆኑን ብቻ ነው። መዝገብ ቤት ስሠራ ስንት ዓመቴ ነው፤ ግን እንደዚያ ያለ ባዶ መዝገብ አይቼ አላውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቴ ቤታችን መጣ፣ ማደሪያው እኛ ጋ ነበር። ፕላስተር የተጠቀለለውን ዋሽንት አየና አልነካውም። "የተቆረጠውን ስጠኝ" አለኝ። ቀለበቱን ከዋሽንቱ አላቅቄ ሰጠሁት። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ወደ ከንፈሩ አስጠጋው፣ ከዚያ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እራት ቀርቦለት አልቀመሰም። አልማዝ ነገሩ ሲገባት ወደ ጓዳ ገብታ ቀረች፤ እኔን ማየት አልቻለችም።

እሁድ ዋሽንቶቹ ተነፉ። ጋሽ ዶባና ሁለቱ ሽማግሌዎች "ለጌታ ተሰጥቷል፣ አንመልስም" ብለው ነፉ። የጋርሾን፣ ፕላስተሩን ልጬለት፣ አንድ የኳየር ልጅ ነፋው። አባቴ ግን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ መድረክ አልወጣም። ሕዝቡ እንደማይስቅ የገባኝ ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ነው። እልልታው ጣሪያውን አናወጠው፣ ሽማግሌዎች አለቀሱ። አንዱ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ "ወንድም ምህረቱን ጌታ ይባርከው፤ የአባቶቻችንን ዋሽንት በዘመናዊ መንገድ አስተካክሎ ሰጠን!" አለ። ሃሌ ሉያ ተባለ። እኔ ያን ጊዜ አባቴን አየሁት። ቀለበቱን አውራ ጣቱ ላይ አጥልቆ ያዞረዋል። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሱም አጨበጨበ፣ ሁለት ጊዜ፣ እንዳያሳፍረኝ ብሎ። ቢሰድበኝ ምናለበት! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነስቶ "ልጄ ወንድሜን ቆረጠው" ቢል ምናለበት!

እኩለ ቀን ላይ ወደ ሚኒባሱ ሸኘሁት። መቀመጫ ይዤለት በመስኮቱ ቆምኩ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

"አትዘን" አለኝ። "መጀመሪያ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ግድግዳ ላይ ስሰቅለው እኔም ልክ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። አንተ የጀመርኩትን ጨረስክልኝ፣ ሌላ ምን አደረግህ?"

እንዲህ ያለኝ ሊያጽናናኝ ነው። ከልቡ ነው። ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ መኪናው ሄደ።

አባቴ ከሁለት ወር በኋላ አረፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ዋሽንት አንስቶ አያውቅም። ሬሳውን ሲያጥቡ ቀለበቱ ጣቱ ላይ እንደነበር ነገሩኝ፤ እንዳለ ይቀበር አልኩ። ከቀብሩ በኋላ ጋሽ ዶባን ለምኜ ደጋ ወጥተን ቀርከሃ ቆረጥን፤ አዲስ እንዲሠራልኝ። የራሱን ሠራ። ሁለተኛውን ከአፉ ሳያደርስ አስቀመጠው። "የኔን አውቃለሁ" አለኝ። "የጋርሾን የሚያውቀው አባትህ ነበር።" በዓመቱ እሱም ሄደ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሶፍትዌሩን አትጠቀሙ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልልም። እጄን የፈታልኝ እሱ ነው፤ ቁረጥ ያለኝ እሱ አይደለም። ሰምቶት ስለማያውቀው ድምፅ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ አላውቀውም ማለት የማይችል ነገር ደግሞ ያለው መልስ ቀይ ብቻ ነው። ከአጠገቤ አራት የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ሚኒባሱ እስኪመጣ ስድስት ሰዓት ቢቀር ነው። መጠበቅ ብቻ ነበረብኝ። ይህን ስል መካሪ ለመምሰል አይደለም፣ ለኔ ከእንግዲህ የሚሆን ነገር የለም። በቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ካለ ግን፣ መጋዙን ከማንሳታችሁ በፊት የሰቀለውን ሰው ጠይቁት።

ኪቦርድ ከተውኩ ቆየሁ። አልማዝ አልፎ አልፎ ማንጎራጎር ጀምራለች፣ እኔ ስገባ ግን ታቆማለች። ዋሽንቶቹ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ናቸው። ባለፈው ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ላፕቶፑን ከፈትኩና የጋርሾን አወረድኩት። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። ነፋሁት።

አረንጓዴ በራ።